ጀልባ ላይ የተኛው

ሐዋሳ ላይ ታቦር የሚባል ኮረብታ አለ፣
ባናቱ የአንቴና ቀይ መብራት የተተከለ።
ስሙን ማን እንዳወጣው አባቴም አያውቅም፤
ፍየል ይወጣበታል፣ ፊት አይበራበትም።

የቡሄ ዋዜማ ነው። ልጆች ከግርጌው በጅራፍ
ሰማዩን ያጮሁታል፤ እኔ መረብ ላራግፍ፣
አባቴ በጾሙ ዓሣ መንካቴን እየረገመ፣
ከነስረዲን ጋራ ወጣሁ፣ ቀኑ እንደጨለመ።
ጀልባችን ታስገባለች፤ በጆግ እየጨለፍን
ከአሞራ ገደል ራቅን፣ ወደ ጥልቁ ቀዘፍን።

ነስረዲን የአላባ ልጅ ነው፤ ቃል አያባክንም፤
ሲይዝ ቢስሚላህ ይላል፣ ሲያመልጠው አይረግምም።
አንድ ቀን ጠየቅኩት፤ "ዒሳ ለእናንተ ማነው?"
ቅርፊት እየፋቀ፣ "ነቢይ፣ የመርየም ልጅ ነው።
ያለ አባት ማስወለድ ለአላህ ምን ይከብደዋል?
አደምን ያለ እናት ያለ አባት ፈጥሮታል።
ርቦት እንጀራ በልቷል። ፈጣሪ ይርበዋል?"
ቢላዋውን ጠረገ። ወሬው እዚያ ላይ አልቋል።

አባቴንም ጠየቅኩ፤ ቅኔ ነው ሀብቱ፣ ሽበቱ፣
"ሥጋው ሰም ነው" አለኝ፣ "ወርቁ መለኮቱ፤
ሰሙን ብቻ ያየ ደጅ ቀረ ከቤቱ።"
"ወርቁ ሲፈስ" አልኩት፣ "ሰሙ ቀልጦ ይጠፋል፤
ያ የራበው ታዲያ፣ ያለቀሰው የት ሄዷል?"
ተቆጣ አባቴ፤ መቋሚያ ሰነዘረ፣
ዓይኑ አያይምና ወንበሩን ሰበረ።
"አልቀለጠም፣ አንተ! ሰሙም አለ፣ ወርቁም፤
ተዋሕዶ ማለት አንዱ አንዱን አይውጥም!"
ሌሊት ግን ሰማሁት፣ ግድግዳው ስስ ነው፣
"አንተ ማነህ?" ይላል። የሚጠይቀው ማንን ነው?

ጎረቤታችን ሌዳሞ አይከራከርም።
"ከአረቄ ያወጣኝ እሱ ነው" ይላል፣
"ነቢይ ሲመክረኝማ ስንት ዓመት ጠጣሁ።"

ወደ እኩለ ሌሊት በአላሙራ በኩል ነፋስ ተነሣ።
ነስረዲን ተኝቷል።
ልጁ ታሞበት ሦስት ሌሊት አላሸለበም፤
መረቡን ተንተርሶ፣ አፉን ከፍቶ፣
የዓሣ ቅርፊት ጉንጩ ላይ ተለጥፎ።

ያ ሌላው ትዝ አለኝ፣ ጀልባ ላይ የተኛው።
ሰው ሁሉ ስለ ማዕበሉ ያወራል፤
እኔን የሚገርመኝ እንቅልፉ ነው።
ዳዊት በሚደገምበት ቤት ነው ያደግኩት፤
ጠባቂያችን አያሸልብም ተብዬ።
ታዲያ ማን ነበር ያ፣ ራሱ ከትራሱ የወደቀው?
አምላክ ከሆነ፣ ምን አደከመው?
ሰው ከሆነ፣ በዚያ ነፋስ መሐል ምን አስተኛው?
ሰው ነኝና አውቃለሁ፤ ሰው እንዲህ አይተኛም።

ነስረዲን ግን ተኝቷል።

ልቀስቅሰው አልኩ። እጄ ከትከሻው ደረሰ።
እነዚያ ፈርተው ቀሰቀሱት፤ እኔም ፈርቻለሁ።
ግን ማንም ይሁን ማን፣
የደከመው ሰው ፊት እንዲህ ቅርብ ሲሆን
እጅ ያፍራል።
ተውኩት። ጆጉን አነሣሁ።
ጨለፍኩ፣ ደፋሁ። ጨለፍኩ፣ ደፋሁ።
ጸሎት አልመጣልኝም፤ መቁጠር ነው የመጣልኝ።
አራት መቶ ዐሥር ላይ
ወይ ቁጥሩ ተምታታብኝ፣ ወይ ነፋሱ ቆመ።

ማንም ምንም አላለውም።

ሲነጋ አባ ኮዳዎቹ ገደሉ ላይ ቆመው ነበር፣
ካባ እንደለበሰ ሸንጎ፣ አንጀት እየጠበቁ።
ታቦር ላይ ቀዩ መብራት አልጠፋም።
ዐሥራ አንድ ቆሮሶ፣ አንድ አምባዛ።
ነስረዲን ተነሣ፤ በሐይቁ ውኃ ውዱእ አደረገ፤
የረጠበ ሱሪዬን አየ፣ ጆጉን አየ።

"ነፋስ ነበረ እንዴ?" አለኝ።

"ትንሽ" አልኩት።